የዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ታሪክ፤ በቅናት ስለ ተሠራ ቤት

ሰው ቤት ሲያሠራ ድንጋዩን፥ እንጨቱንና የሠራተኛውን ደመወዝ አስልቶ በመዝገብ ይጽፋል። ቤቱን ለመሥራት ያነሣሣውን የልብ አሳብ ግን በመዝገብ የሚያገባ የለም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የቤት ታሪክ ሲነገር ቁመቱና ስፋቱ ይነገራል፤ የተሠራበት ምክንያት ግን ይረሳል።

በአሜሪካ አገር፥ በኒውዮርክ ከተማ፥ አምስተኛው ጎዳና በሚባለው ስፍራ፥ በ33ኛውና በ34ኛው መንገድ መካከል ኤምፓየር ስቴት የተባለው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ቆሞ ይታያል። ወደ ላይ አንጋጦ የሚያየው መንገደኛ ብዙ ነው። ከእርሱ በፊት በዚያው መሬት ላይ ለ36 ዓመት የቆመ ሌላ ቤት እንደ ነበረ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። የዚያም ቤት ስም ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ይባል ነበር። በውጭ ሲያዩት አንድ ቤት ነበረ፤ ሲመረምሩት ግን ሁለት ነበረ። ያሠሩትም ሰዎች የሁለት ወንድማማቾች ልጆች ሲሆኑ እርስ በርሳቸው የተቀያየሙ ነበሩ። በዚህ ታሪክ ዓመቱ የሚጻፈው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው፤ ቀኑ በታወቀበት ስፍራ የኢትዮጵያው ተጨምሮበታል።

የቤተ ሰቡ አባት ጆን ጃኮብ አስተር ይባላል። በ1763 በጀርመን አገር፥ በሃይደልበርግ አቅራቢያ ባለችው ዋልዶርፍ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ሥጋ ሻጭ ነበረ። ጆን ጃኮብ በ1784 ወደ ኒውዮርክ ደርሶ የአውሬ ቈዳ ይነግድ ጀመር። በ1811 ሠራተኞቹ በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ፥ በሰላማዊው ውቅያኖስ አጠገብ የንግድ ሰፈር ቈረቈሩለት፤ በስሙም አስቶሪያ ብለው ጠሩት። እርሱ ግን ከንግዱ ያገኘውን ገንዘብ በኒውዮርክ መሬት ይገዛበት ነበር፤ ከተማው ውሎ አድሮ እንደሚሰፋ አስቀድሞ ተረድቶ ነበርና። በ1848 ሲሞት በአሜሪካ በሀብት የሚተካከለው ሰው አልነበረም።

ልጁ ዊልያምም የአባቱን መንገድ ተከተለ። በ1827 ከከተማው ውጭ የነበረውን አንድ እርሻ እኩሌታውን ገዛ። በዚያ ዘመን ስፍራው ገጠር ነበረ። ኋላ ግን ከተማው እየሰፋ መጣና እርሻውን ዋጠው። አምስተኛው ጎዳናም በዚያው በኩል አለፈ።

ከዊልያም ልጆች ሁለቱ ወንድማማቾች፥ ታላቁ እንደ አያቱ ጆን ጃኮብ፥ ታናሹም እንደ አባቱ ዊልያም የተባሉት፥ በዚህ መሬት ላይ ጎን ለጎን መኖሪያ ቤት ሠሩ። የታላቁ ቤት በ33ኛው መንገድ ጥግ፥ የታናሹም በ34ኛው መንገድ ጥግ ነበረ፤ በመካከላቸው የአትክልት ቦታ ነበረ። የታናሹ ሚስት ካሮሊን ትባል ነበር። በኒውዮርክ ማን ከትልልቆቹ ወገን እንደ ሆነ፥ ማንስ እንዳልሆነ የምትለይ እርሷ ነበረች። ወደ ግብዣዋ የተጠራ ይከብር ነበር፥ ሳይጠራ የቀረም ያፍር ነበር። «አራቱ መቶ» የሚለው የከተማው ባለጸጎች ስም የወጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ ቍጥሩም የካሮሊን አዳራሽ የሚይዘው የሰው ልክ ነው ይባል ነበር።

ታላቁ ወንድም በ1890 ሞተ። ልጁ ዊልያም ዋልዶርፍ አስተር አባቱን ወረሰና፥ የታላቅ ልጅ እኔ ነኝ፥ የቤተ ሰቡም አለቃ እኔ ነኝ አለ። ስለዚህም ያለ ሌላ ቅጽል «ወይዘሮ አስተር» ተብላ ልትጠራ የሚገባት ሚስቴ ሜሪ ናት እንጂ የአጎቴ ሚስት አይደለችም ብሎ ተከራከረ። ካሮሊን ግን በስም ካርዷ ላይ የታተመውን ይህን አጠራር ለማንም አልለቅም አለች፤ የከተማውም ሰው ከእርሷ ጋር ቆመ።

ይህን ነገር የሩቅ ሰው ሲሰማው ያስቀዋል። ጠቡ የመሬት አልነበረም፥ የርስትም አልነበረም፤ በትንሽ ወረቀት ላይ ስለ ታተሙ ሁለት ቃላት ነበረ። ነገር ግን ክብርን የሚሻ ሰው በትንሹ ነገር ይበልጥ ይቈጣል። ትልቁን ነገር ሽማግሌ ያስታርቀዋል፤ ትንሹን ነገር ግን ወደ ሽማግሌ ማቅረብ ያሳፍራልና በልብ ውስጥ ይቀራል፥ በዚያም ሥር ይሰዳል። ዊልያም ዋልዶርፍም በ1891 የተወለደበትን አገር ትቶ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። የአባቱን መኖሪያ ቤት ግን አስፈርሶ በስፍራው ሆቴል እንዲሠራ አዘዘ።

በአጎቱ ሚስት ቤት አጠገብ 13 ደርብ ያለው ሕንፃ ተነሣ። ንድፉን ያወጣው ሄንሪ ሃርደንበርግ የሚባል መሐንዲስ ነው። ስሙንም፥ ቅድመ አያቱ በተወለደባት መንደር ስም፥ ዋልዶርፍ አሉት። ካሮሊን በመስኮቷ ስትመለከት የምታየው የወንድማማቾቹ የአትክልት ቦታና የዘመድ ቤት ቀርቶ፥ መንገደኛ የሚገባበትና የሚወጣበት፥ ጥላውን በጣራዋ ላይ የሚጥል ግንብ ሆነ።

ሆቴሉ የተከፈተው በ1893 (መጋቢት 5 ቀን 1885 ዓ. ም.) ነው። የመክፈቻው ምሽት የበጎ አድራጎት ነበረ። ዋልተር ዳምሮሽ የሚመራው የሙዚቃ ጓድ ተጫወተ፤ የተሰበሰበውም ገንዘብ ቅድስት ማርያም ለሚባለው ለድኾች ሕፃናት ሐኪም ቤት ተሰጠ። በቂም የተመሠረተ ቤት በሩን በምጽዋት ከፈተ። የሰው ሥራ እንዲህ የተደባለቀ ነው፤ ክፋቱ ብቻውን አይገኝም፥ በጎነቱም ብቻውን አይገኝም። በሚቀጥለው ዓመት በ1894 ሜሪ አስተር ሞተች። ስሙን የምትወርስ ሳትኖር፥ ስለ ስሙ የተሠራው ቤት ቆሞ ቀረ።

ሆቴሉ በተከፈተበት በዚያው በ1893 በአሜሪካ ታላቅ የገንዘብ ችግር ሆነ፤ ብዙ ባንኮች ተዘጉ፥ ብዙ ሠራተኛም ሥራ ፈታ። ችግሩ ገና ሳያልፍ በ1897 (የካቲት 4 ቀን 1889 ዓ. ም.) ብራድሊ ማርቲን የተባሉ ባልና ሚስት በዋልዶርፍ የዳንስ ግብዣ አደረጉ። እንግዶቹ የጥንት ነገሥታትንና ንግሥታትን ልብስ አሰፍተው፥ ዕንቍና አልማዝ አድርገው መጡ። ካሮሊን አስተርም ካሳፈራት ቤት ከገቡት እንግዶች አንዲቱ ነበረች። ጋባዦቹ፥ ይህ ግብዣ ለልብስ ሰፊውና ለአበባ ሻጩ እንጀራ ይሆናል ይሉ ነበር። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ዶክተር ሬንስፎርድ ግን፥ ሕዝብ በተራበበት ጊዜ እንዲህ ያለ ግብዣ ቍጣ ያነሣሣል ብለው ምእመኖቻቸው እንዳይሄዱ መከሩ። ነገሩ በየቤተ ክርስቲያኑ ስብከትና በየጋዜጣው መነጋገሪያ ሆነ። በዚያን ጊዜ የከተማው የፖሊስ ጉባኤ አለቃ የነበሩት፥ ኋላም የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ቴዎዶር ሩዝቬልት፥ ብጥብጥ እንዳይነሣ ሆቴሉን በፖሊስ አስጠበቁ። ጋባዦቹም የሕዝቡ ነቀፋ ስለ በዛባቸው ኋላ አገሩን ትተው በብሪታንያ ተቀመጡ።

ካሮሊን ከሆቴሉ አጠገብ መኖር አልቻለችም። በዚያው ጎዳና ወደ ላይ ርቃ፥ በ65ኛው መንገድ ጥግ አዲስ ቤት አሠራች። በለቀቀችው ቤት ላይ የሚያዝ ልጅዋ ጆን ጃኮብ አስተር ነበረ፤ በቤተ ሰቡ ውስጥ በዚህ ስም አራተኛው ነው። እርሱም በመጀመሪያ ብድሩን ሊመልስ ፈልጎ፥ በዋልዶርፍ አጠገብ የፈረስ ጋጣ ልሥራ ብሎ አስቦ ነበር ይባላል፤ የጋጣው ሽታ የሆቴሉን እንግዶች እንዲያባርር ነው።

በዚህ መካከል ገብቶ ነገሩን ያበረደው ባለጸጋ ሳይሆን አገልጋይ ነበረ። የዋልዶርፍ አስተዳዳሪ ጆርጅ ቦልት በጀርመን አገር፥ ሩገን በምትባል ደሴት ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የመጣ፥ ሥራውንም ከማድ ቤት የጀመረ ሰው ነው። እርሱም ወደ ጆን ጃኮብ ሄዶ፥ ጋጣ ከመሥራት ሌላ ሆቴል ቢሠራና ሁለቱ ቢጋጠሙ ለሁለቱም ወገን ብዙ ትርፍ እንደሚገኝ አስረዳው። ጆን ጃኮብም እሺ አለ። በእናቱ አሮጌ ቤት ስፍራ ከዋልዶርፍ የሚበልጥ ሌላ ሕንፃ ተሠራ፤ መሐንዲሱም ያው ሃርደንበርግ ነበረ። ስሙን፥ ቅድመ አያቱ በምዕራብ ባስቈረቈረው የንግድ ሰፈር ስም፥ አስቶሪያ አሉት። በ1897 (ጥቅምት 23 ቀን 1890 ዓ. ም.) ተከፈተ። ሁለቱም ቤቶች በቦልት እጅ ሆነው እንደ አንድ ይተዳደሩ ጀመር፤ ስማቸውም ዋልዶርፍ አስቶሪያ ተባለ።

ነገር ግን ባለቤቶቹ በልባቸው አልታረቁም ነበር። ስለዚህ በውላቸው አንድ ነገር አስጻፉ፤ ይኸውም ከሁለቱ አንዱ በፈለገ ጊዜ ቤቶቹን የሚያገናኙት በሮች ሁሉ በጡብ እንዲደፈኑ ነው። እንግዲህ በየደርቡ ያለው መተላለፊያ እንግዳ የሚመላለስበት መንገድ ቢሆንም፥ በውሉ ወረቀት ላይ ግን ገና ያልተሠራ ግንብ ነበረ። እርቅ ሳይኖር ጥቅም ያገናኛቸው ሰዎች ስምምነት ይህን ይመስላል፤ በአንድ እጅ በር ይከፍታሉ፥ በሌላው እጅ ጡብ ይይዛሉ።

ሁለቱ ቤቶች በተጋጠሙ ጊዜ ክፍሎቹ ከ1000 በላይ ሆኑ፤ በዓለም ላይ በዚያን ዘመን ከእርሱ የሚበልጥ ሆቴል የለም ይባል ነበር። ከቤቱም ሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው ያው መተላለፊያ ነው። ርዝመቱ 300 ጫማ ያህል ሲሆን በዕብነ በረድ ያጌጠ ነበረ። ወይዛዝርትና መኳንንት አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው ለመታየት ይመላለሱበት ነበርና ሕዝቡ የጣዎስ መንገድ ብሎ ጠራው። በግራና በቀኝ ባለው ወንበር የተቀመጠው ያይ ነበር፥ የሚመላለሰውም ይታይ ነበር። ከዚህ በፊት ግብዣ ማለት በካሮሊን አዳራሽ በር የሚከለከል ነገር ነበረ። አሁን ግን ልብሱ ንጹሕ የሆነና በኪሱ ገንዘብ ያለው ሁሉ ከትልልቆቹ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ይቀመጥ ጀመር። የካሮሊንን ሥልጣን ያፈረሰው የወንድም ልጅ ክርክር ሳይሆን ይህ ክፍት በር ነው።

ቤቱን ያቆሙት ግን ባለቤቶቹ አልነበሩም። ከሠራተኞቹ መካከል ኦስካር ቺርኪ የሚባል በ1866 በስዊስ አገር የተወለደ ሰው ነበረ። በ1883 ወደ ኒውዮርክ መጥቶ በሌላ ሆቴል ከዝቅተኛው የአሳላፊነት ሥራ ጀመረ፤ ዋልዶርፍ ሲከፈት የአዳራሹ አሳላፊዎች አለቃ ሆኖ ገባ። የእንግዶቹን ስምና ጠባይ፥ ማን ምን እንደሚወድ ሁሉ ያስታውስ ነበር። በ1896 ትልቅ የወጥ አሠራር መጽሐፍ አሳተመ። ከፖም የሚሠራው፥ በየአገሩ በዋልዶርፍ ስም የሚጠራው ሰላጣ ከዚህ ቤት የወጣ ነው። በኒውዮርክ የአስተርን ፊት ያየ ጥቂት ነበረ፤ «የዋልዶርፉ ኦስካር» ሲባል ግን የማያውቀው አልነበረም።

በ1912 (ሚያዝያ 7 ቀን 1904 ዓ. ም.) በሌሊት ታይታኒክ የተባለችው መርከብ በበረዶ ጋራ ተመትታ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሰጠመች፤ ከ1500 ያላነሰ ሰው አለቀ። ከሞቱት አንዱ የአስቶሪያ ባለቤት ጆን ጃኮብ አስተር ነበረ። ነፍሰ ጡር የነበረችውን ወጣት ሚስቱን በነፍስ ማዳኛ ጀልባ አሳፍሮ እርሱ በመርከቢቱ ቀረ። በመርከቢቱ ከነበሩት መንገደኞች በሀብት የሚበልጠው አልነበረም፤ ነገር ግን በዚያች ሌሊት የጀልባ ስፍራ በገንዘብ አይገኝም ነበር።

የተረፉት ሰዎች ኒውዮርክ በደረሱ ማግሥት (ሚያዝያ 11 ቀን) የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ስለ መርከቢቱ ጥፋት ምርመራ ጀመረ። ለጉባኤው የተመረጠው ስፍራ የዋልዶርፍ አስቶሪያ አዳራሽ ነበረ። በግብዣ በሚታወቀው ቤት ውስጥ ሴናተር ዊልያም ስሚዝ በዳኝነት ተቀመጡ፤ የመርከብ ኩባንያው አለቃ ብሩስ ኢስሜይ ከጥፋቱ ተርፎ ነበርና በመጀመሪያ ቀርቦ ተጠየቀ። የጆን ጃኮብ አስተር ሬሳ ገና ከባሕር አልተገኘም ነበር። በራሱ ሆቴል ጣራ ሥር ስለ ሞቱ ምስክር ይሰማ ነበር።

ዊልያም ዋልዶርፍ በባዕድ አገር ሆኖ ከዚህ በኋላ ጥቂት ዓመት ኖረ። በ1899 የእንግሊዝ ተገዥ ሆኖ ነበርና፥ በትውልድ አገሩ በሙግት ያላገኘውን ክብር በእንግሊዝ በማዕርግ አገኘ፤ በ1916 ባሮን፥ በ1917 ቫይካውንት ተባለ። በ1919 ሞተ። ቦልት በ1916፥ ካሮሊንም አስቀድማ በ1908 ሞተው ነበር። ቤቱ ከተጣሉትም ካስማሙትም በኋላ ቆሞ ቀረ።

ከተማው ግን ቆሞ አልጠበቀም። ባለጸጎቹ መኖሪያቸውን ወደ ሰሜን እያራቁ ሄዱ፤ ሱቆች በአምስተኛው ጎዳና በረከቱ። በ1920 በአሜሪካ ማናቸውም መጠጥ እንዳይሸጥ የወጣው ሕግ የሆቴሎችን ገቢ ቀነሰ። የቤቱ ጌጥ ያረጀ መሰለ፥ የመሬቱ ዋጋ ግን ከቤቱ ይልቅ ከፍ አለ። በመጨረሻም ሆቴሉ ተሸጠ፤ በ1929 በግንቦት ወር መጀመሪያ ገደማ በሩ ተዘጋ። ዕቃው በሐራጅ ወጣ። በዚያ ቤት የተጋቡ፥ የተጋበዙም ሰዎች ለመታሰቢያ የሚሆን ነገር ይሰጡን ዘንድ ብለው ይጽፉ ነበር።

ማፍረሱ የተጀመረው በ1929 (መስከረም 21 ቀን 1922 ዓ. ም.) ነው። ወሩ ሳያልቅ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀና ዓለምን ሁሉ የነካው ታላቁ የገንዘብ ችግር ተጀመረ። አፍራሾቹ ግን ሥራቸውን አላቋረጡም። ከፍርስራሹ ብዙው በጀልባ ተጭኖ ከወደቡ ውጭ፥ ከሳንዲ ሁክ ወዲያ፥ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ተጣለ። ከባለቤቶቹ አንዱን የዋጠው ውቅያኖስ ቤቱንም ተቀበለው።

በባዶው ስፍራ ኤምፓየር ስቴት ተሠራ። በ1931 (ሚያዝያ 23 ቀን 1923 ዓ. ም.) ፕሬዚዳንት ሁቨር በዋሽንግተን ሆነው የኤሌክትሪክ ቍልፍ ተጭነው መረቁት። 102 ደርብ አለው፤ ቁመቱ 381 ሜትር ነው። ነገር ግን ዘመኑ የችግር ነበረና ብዙው ክፍል ተከራይ ስላጣ የከተማው ሰው «ባዶው ሕንፃ» እያለ ይቀልድበት ነበር። የሆቴሉን ስም ደግሞ የመጨረሻው አስተዳዳሪ ሉሽየስ ቡመር በ1 ዶላር ብቻ ገዝቶ አቈየው። ማፍረሱ በተጀመረ ልክ በሁለት ዓመቱ፥ በ1931፥ በፓርክ ጎዳና በዚያው ስም አዲስ ሆቴል ከፈተ። ኦስካር እዚያም እስከ 1943 ድረስ አገለገለ፤ የጣዎስ መንገድም ስሙ ወደ አዲሱ ቤት ተሻገረ። ያን ሁሉ ጠብ ያስነሣው ስም በመጨረሻ የተሸጠበት ዋጋ ይህ ነው።

ካሮሊን ከሆቴሉ ሸሽታ በ65ኛው መንገድ ያሠራችው ቤትም ፈረሰ። በስፍራው አይሁድ ኢማኑኤል ብለው የሚጠሩትን ታላቅ ምኵራብ ሠሩ፤ የተፈጸመውም ዋልዶርፍ አስቶሪያ በፈረሰበት በ1929 ነው። ማን ይግባ፥ ማንስ ይቅር የሚባልበት በር የነበረበት ስፍራ የጸሎት ቤት ሆነ።

እንግዲህ ከዚያ ቤት የቀረው ምንድን ነው ቢባል፥ ከቅናቱ የቀረ የለም። ተከራካሪዎቹ ሞተዋል፥ ግንቡ በባሕር ውስጥ ነው። የቀረው፥ አንድ ከማድ ቤት የተነሣ ሰው በሁለት ጠበኞች መካከል ያስከፈተው መተላለፊያ ስም ነው። በውሉ የተጻፈው የጡብ ግንብም እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ሳይሠራ ቀረ፤ 32 ዓመት ያህል በዚያ በኩል ሰው ይመላለስበት ስለ ነበር በሩን ለመድፈን ያዘዘ አልተገኘም።